መስታወት ውስጥ የቀረው አራተኛ ዲንካ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲወጣ ስንት ይሆናል? ጥያቄው የኔ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ፍልስፍና ያስተማሩን የውጭ አገር ሰው በየሳምንቱ ሰሌዳ ላይ ይጽፉት ነበር፤ መልሱን ሳይጽፉ ደወል ይደወላል። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አገላበጥሁ። አንዱ ደስታ ነው ይላል፣ አንዱ ምግባር፣ ሌላው ደግሞ ምንም ነው ብሎ አራት መቶ ገጽ ይጽፋል። ጩማን ያወቀ ሰው ግን መልሱን በክንድ መናገር ይችላል፤ አንድ ክንድ ከስንዝር የሚሆን ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ይህን የምለው ላሾፍበት አይደለም። የኔ ቢለካ ስንዝሩ መገኘቱንም እጠራጠራለሁ።

ጩማ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከሶዶ ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ የሚኖር ገበሬ ነበር። መሬቱ ጠባብ፣ እንሰቱ ጥቂት፣ በሬው አንድ፤ ሁለተኛውን በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። ከአባቱ የወረሰው ትልቁ ነገር መሬትም ከብትም አልነበረም፤ ዲንካ ነው።

ዲንካ ከቀርከሃ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ጫፉ ላይ ቅል ይገጠምለታል፣ ከጎኑ በተበሳ ቀዳዳ ይነፋል። አንዱ ዲንካ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከዚያች ሌላ አያውቅም። ሰባት ሰዎች ሰባቱን ይዘው ክብ ይሠራሉ፤ መሬቱን እየረገጡ ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን አንዲት ድምፅ ይወረውራል። ዜማው የማንም አይደለም፤ በሰባቱ መካከል ባለው አየር ላይ ነው የሚኖረው። ብቻውን ዲንካ ይዞ የቆመ ሰው ከፊደል ገበታ «ለ»ን ብቻ እንዳጠና ተማሪ ነው፤ ሲያነብ ቢውል «ለ፣ ለ፣ ለ» ነው።

መሪ የሆነውን ትንሹን፣ የመጀመሪያውን ዲንካ የሚነፋው የጩማ ታላቅ ወንድም አንጁሎ ነበር። በአገሩ ሰው የሚባል ሰው ሲሞት ሰባቱ ወደ ለቅሶው ሜዳ ይጠራሉ። ዲንካ ሳይነፋለት የተቀበረ ሽማግሌ ሞተ አይባልም፤ እንደ ጠፋ በሬ፣ አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል ተብሎ ነው የሚወራለት።

በ1943 ዓ.ም. ጩማ ወንጌል ተቀበለ። ጩማ የሚያደርገውን ሁሉ በሙሉ ልቡ የሚያደርግ ሰው ነው፤ የዚህ ዓይነት ሰው በምንም ሃይማኖት ውስጥ አደገኛ ነው። በጊዜው ደንቡ፣ አዲስ አማኝ ከቤቱ የጠንቋይ ዕቃ የተባለውን ሁሉ አውጥቶ ሰው በተሰበሰበበት ያቃጥላል። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ወንድም ቶማ በደጁ ቆመው ዐይናቸውን ጨፍነው ይጸልዩ ጀመር። ጩማ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ። ጨሌውን አወጣ፣ ከጠንቋይ የተቀበለውን በትር አወጣ፣ አንድ የተሰነጠቀ ገንቦ አወጣ። እነዚህ ሁሉ የነበሩት በአንድ ግድግዳ ላይና ሥር ነው፤ ከዚያው ግድግዳ ላይ በጭስ የጠቆሩ ሰባት ዲንካዎች ተሰቅለዋል። እነሱንም አወጣ።

ቀርከሃ እሳት ውስጥ ሲገባ በሆዱ ያለው አየር ይሞቅና እንደ ጠመንጃ ይጮኻል። ከእሳቱ ውስጥ አንድ ጊዜ «ጧ!» አለ። ምእመኑ «አንድ ጋኔን ወጣ!» ብሎ ሃሌ ሉያ አለ። ሁለተኛው ጮኸ፣ ሦስተኛው ጮኸ። ሰባት ሲሞላ ሴቶቹ በደስታ አለቀሱ፤ በመጽሐፍ እንደ ተጻፈው ቁጥሩ ልክ ነበርና። ወንድም ቶማ «አሜን» ብለው ዐይናቸውን ገለጡ።

«ያ የሚጮኸው ምንድን ነው?» አሉ።

«ዲንካው ነው፣ ወንድም ቶማ» አለ ጩማ፣ ፊቱ በላብና በደስታ እያበራ።

«ዲንካ? ማን ዲንካ አቃጥል አለህ? የጠንቋዩን ዕቃ ነው ያልነው እኮ!»

«አንድ ግድግዳ ላይ ነበሩ።»

«ታዲያ ግድግዳውንስ ለምን ተውኸው?»

አንጁሎ ከእርሻ ሲመለስ አመዱ ገና ይጨስ ነበር። በእግሩ ነካ ነካ አደረገው። ከቅሉ አንድ ስባሪ ብቻ ተርፎ አገኘ። «ኢሻው» አለው ታናሹን፤ በወላይትኛ ወንድሜ ማለት ነው። «ኢሻው፣ እኔ ስሞት እንግዲህ በምን ልታለቅስልኝ ነው?»

ከዚያ ቀን በኋላ ለዐሥራ ስድስት ዓመት አላናገረውም። አጥር አልለዩም፤ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፣ በአንድ በር ይገባሉ። አንጁሎ ለወንድሙ ነገር ሲኖረው የሚናገረው ለጩማ ሚስት ለአስካለች ነው፤ ጩማ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ሳለ።

«አስካለች፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ በሬው ገመዱን በጥሷል።»

«ሰምቻለሁ በይው» ይላል ጩማ።

«ሰምቷል» ትላለች አስካለች። «እኔም ሰምቻለሁ፣ በሬውም ሰምቷል። ምነው እግዜር ሁለታችሁን ትቶ እኔን ባደነቆረኝ!»

የጩማ ኑሮ ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ብቻ ሆነ፦ አንጁሎ ሳይሞት ሰባት ዲንካ ሠርቶ መድረስ። ቀላል ይመስላል። ከተራራው ጀርባ የነበረው ቀርከሃ ግን በዚያው ሰሞን አበበ፤ ቀርከሃ የሚያብበው በሰው ዕድሜ አንዴ ነው፣ ካበበም ይሞታል። ሳያብብ የቀረውን ጥቂቱን ቆርጦ ለጸሎት ቤቱ ጣራ በትከሻው ያመላለሰው ማን እንደ ነበረ አትጠይቁኝ፤ በሙሉ ልቡ ነው ያመላለሰው። ከሩቅ ደጋ ያስመጣው ቀርከሃ ሲደርቅ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ነቀዝ በላው፤ እንዲያውም ነቀዙ የሚያወጣው ድምፅ ከዲንካው ይሻል ነበር ትል ነበር አስካለች። ሦስተኛውን ገና እየላጠው ሳለ ዝናብ መጣበት። አንጁሎም በዚህ መካከል ማሳል ጀመረ።

በ1957 ዓ.ም. ለከተማው ውሃ የሚያስገባ ሥራ ተቋራጭ መጣ። ጩማ መጀመሪያ ቦይ ቆፋሪ፣ ኋላ የዕቃው ዘበኛ ሆነ። የመጣው ቧንቧ ብረት አልነበረም፤ እንደ እባብ የተጠቀለለ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክ የሚለው ቃል ሶዶ ስላልደረሰ ሰዉ ጎማ ይለው ነበር። ሠራተኞቹ እየለኩ በመጋዝ ይቆርጡታል፣ ቁራጩን ወደ ጉድጓድ ይወረውሩታል። አንድ ቀን ጩማ ከጉድጓዱ አንዱን ቁራጭ አንስቶ፣ ለበሩ መቀርቀሪያ ይሆን እንደሆነ ብሎ፣ በውስጡ የገባውን ጭቃ ሊያወጣ እፍ አለበት።

«ላም ጮኸች» ብሎኛል ኋላ ሲያጫውተኝ። «ዞሬ አየሁ፤ ላም የለም። እንደገና እፍ አልሁ፤ አሁንም ላም። ያቺ ላም አባቴ ይነፋት የነበረችው ድምፅ ናት፤ ሰባተኛው ዲንካ፣ ትልቁ።»

በጊዜው እንደ ቆሻሻ የተጣለ ነገር ስለ ነበረ ማንም አልከለከለውም። አሠራሩን ሳልናገር ማለፍ በደል ነው፤ ከብዙ ሊቃውንት ሥራ የበለጠ ማሰብ ነበረበትና። ተጠቅልሎ የኖረ ቧንቧ ቢያቃኑት ተመልሶ ይጎብጣል። ጩማ ምድጃ ላይ አሸዋ አግሎ ሆዱን ይሞላዋል፣ ቧንቧው ሲለሰልስ ከቀጥ ያለ እንጨት ጋር ጥፍር አድርጎ ያስረዋል፣ አሸዋው እስኪቀዘቅዝ ይተወዋል፤ ሲፈታው የጎበጠበትን ረስቶ ይገኛል። የአፉን ቀዳዳ በጋለ ሚስማር ይበሳና በጠርሙስ ስባሪ ይፍቃል። ለጫፉ፣ በቅል ፈንታ፣ ከከተማ የተጣለ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ሳፋ አገኘ፤ ቆርጦ በፈላ ውሃ ያለሰልስና ጉልበቱ ላይ እንደ ጡሩምባ አፍ ይጠቀልለዋል። ጉልበቱ ላይ የነበረውን ጠባሳ አይቼዋለሁ። ከሁሉ የሚከብደው ድምፁን ማግኘት ነው። ቧንቧ ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ አይቀጠልም። ልኩ የት ነበር? ዕቃውን ያቃጠለ ሰው ዜማውን ማቃጠል አልቻለም፤ ሰባቱንም ድምፅ በጉሮሮው ይዟቸው ነበር። በጉሮሮው ያንጎራጉራል፣ ይነፋል፣ አንድ ጣት ይቆርጣል፣ ያንጎራጉራል።

«አንተ ሰውዬ» ትላለች አስካለች፣ «ጎደሬ በምቀቅልበት ድስት ጎማ ትቀቅላለህ? ነገ ደግሞ አቅርበህ ብሉ በለና!»

«ታጥቧል።»

«ልጆቹም ታጥበዋል፤ የተቃጠለ ጫማ ነው የሚሸቱት። ጎረቤት እኮ ምን እንደሚል ታውቃለህ? የጩማ ሃይማኖት ሁለተኛ ጊዜ ተቃጠለ ነው የሚለው።»

ሁለት ዓመት ፈጀበት። በ1959 ዓ.ም. ሰባቱን በሣር ገመድ አስሮ፣ አንጁሎ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ፀሐይ በሚሞቅበት ደጃፍ አምጥቶ ዘረጋቸው። ሦስት እርምጃ ርቆ ቆመ። እንደ ልማዳቸው አስካለች መካከል ገባች።

«አስካለች፣ ያ ሰውዬ ያመጣው ምንድን ነው?» አለ አንጁሎ።

«ዲንካ ነው ይላል።»

«ጎማ ነው በይው።»

«ጎማም ነው፣ ዲንካም ነው በይው» አለ ጩማ።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለች አስካለች። «እኔ ወተቴ እየገነፈለ ነው።» ጥላቸው ገባች።

ያለ አስተርጓሚ ቀሩ። አንጁሎ ትንሹን አነሳ፣ አገላበጠ፣ አሸተተ፣ ፊቱን አጨማደደ። ነፋው። አስቀመጠው፤ ሁለተኛውን ነፋ፣ ሦስተኛውን። እንዲህ እያለ ሰባተኛው ዘንድ ደረሰ፤ ከዚያ ብዙ ሳለ። ሳሉ ሲበርድለት ወንድሙን ቀና ብሎ አየው። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል፣ ይቅር ብዬሃለሁ የሚል መስሎ ይታየን ይሆናል፤ እንዲህ ነበር፦

«አራተኛው ወፍሯል። ሁለት ጣት ቁረጥለት።»

ጩማ ሁለት ጣት ቆረጠለት። ሲቆርጥ አለቀሰ ትላለች አስካለች፤ እሱ የጎማው ጭስ ነው ይላል።

እርቁ ሆነ፤ አሁን የቀረው አንጁሎ በሚሞትበት ቀን ሰባቱ መነፋታቸው ብቻ ነው። የድሮዎቹ ነፊዎች ተጠሩ። አራተኛውን የሚነፋው ቦልቴ ተበላ ከሚባለው ቆላ በእግሩ እየወጣ ይመጣ ነበር፤ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄው «አንጁሎ አልሞተም?» ነው። «አልሞተም» ሲሉት «ደግ፣ እንግዲያው እንለማመድ» ይላል።

የአገር ሽማግሌዎች ግን ዱቡሻ ላይ፣ ጉባኤ በሚቀመጡበት ሜዳ ማለቴ ነው፣ ተሰብስበው ነገሩን መረመሩት። እንዲህ አሉ፦ ቀርከሃ ኖሮ የሞተ ነው፤ ሞትን ያውቀዋል፤ ስለዚህ በሬሳ ፊት ቢያለቅስ ያምርበታል። ይህ ጥቁር ነገር መቼ ኖረ? መቼስ ሞተ? ያልሞተ ነገር ለሞተ ሰው አያለቅስም። ይህን ሙግት ለዐርባ ዓመት አስቤበታለሁ፤ አራት ዓመት የተማርሁት ፍልስፍና ማፍረሻ አልሰጠኝም። ያፈረሰው አንጁሎ ነው፤ ብርድ ልብሱን እንደ ተከናነበ ተነሳና፦

«የምሞተው እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?» አላቸው። «እኔ በጎማ አልቅሱልኝ ብያለሁ። ስትሞቱ በፈለጋችሁት ይለቀስላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ጉባኤውን በተኑ፤ መበተን ግን መፍቀድ አይደለም። ወንድም ቶማም በበኩላቸው ጩማን አስጠሩት።

«ያቃጠልኸውን መልሰህ ሠራኸው?»

«ማን አቃጥል አለህ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ማንስ ሥራ አለህ?»

ስድስት ወር ከጌታ እራት ታገደ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ሽማግሌዎቹ የነቀፉት ዕቃው ዲንካ ስላልሆነ ነው፣ ጸሎት ቤቱ የቀጣው ዲንካ ስለሆነ ነው። ጩማ ብቻ ነው ሁለቱንም ያመነ።

በ1960 ዓ.ም. ጥቅምት የዘውድ በዓል ሲደርስ እንግዶች ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ተነገረ። ከከተማው መሥሪያ ቤቶች የአንዱ ዋና ጸሐፊ አቶ ሐብተማርያም፣ ከተጣለ ቧንቧ ዲንካ የሠራ ገበሬ መኖሩን ሰሙ። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ደግሞም ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ንጹሕ ሰው ነበሩ። ጫማቸው ያበራል፣ ፊርማቸው ያበራል። ሰባቱ በሜዳው እንዲነፉ አዘዙ። አንጁሎ ታሞም ቢሆን በበቅሎ መጥቶ መሪውን ነፋ።

ሰባቱ ሞልተው በአደባባይ የተሰሙት ያን ቀን ብቻ ነው። ነፊዎቹ የሚያውቁት የለቅሶውን ዜማ ነበርና እሱኑ ነፉ። ዜማው ከመሪው ተነስቶ ወደ ትልቁ ይወርዳል፤ መሬቱ ውስጥ የሚገባ ይመስላል፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን ከሥር አንድ እጅ እንደ ያዘው ሆኖ ተመልሶ ይነሳል። ከሕዝቡ መካከል አሮጊቶች ጉንጫቸውን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። በዳሱ ጥላ የተቀመጡት እንግዶች በዜማው ልክ ያጨበጭቡ ነበር። አንደኛው «እንዴት ያለ ደስተኛ ሕዝብ ነው!» ሲሉ ሰምቻለሁ። በዚያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሶዶ አስተምር ነበርና ከበስተኋላቸው ቆሜያለሁ፤ ላርማቸው እችል ነበር። እኔም ከእነሱ ጋር አጨበጨብሁ።

በዓሉ ሲያልቅ አቶ ሐብተማርያም ጩማን ወደ ቢሯቸው አስገቡት።

«አቶ ጩማ» አሉት።

ጩማ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሌላ ሰው አልነበረም።

«አቶ ጩማ፣ ከወደቀ ዕቃ ጥበብ አውጥተዋል። ይህ ለመጪው ትውልድ መቀመጥ አለበት።»

በእንግዳ መቀበያው አንድ አዲስ ባለመስታወት ቁም ሣጥን ነበር። ባዶውን ቢቀመጥ ያሳፍራል፤ አንድ የሰጎን እንቁላልና የእንግዶች መዝገብ ብቻ ነው ያለበት። አቶ ሐብተማርያም በገዛ እጃቸው ሞከሩ። ትልቁ አልገባም። መሪው ገባ፣ ግን ትንሽ ሆኖ ተንከባለለ። አራተኛው ልክክ አለ።

«ሰባቱም ያው አይደሉ?» አሉ። «አንዱ ለናሙና ይበቃናል። ስድስቱን ለእርስዎ ትተንልዎታል።»

ጩማ እምቢ ማለት ይችል ነበር። ለምን እንዳላለ ጠይቄዋለሁ። «አቶ ሲለኝ አፌ ተያዘች» አለኝ። «አቶን የሰጠኝን ሰውዬ ጎማ ልከልክለው?» አንጁሎ ውጭ በበቅሎው ላይ ሆኖ ያስል ነበር፤ አላየም። ቁም ሣጥኑ ተቆለፈ። በዕቃው ሆድ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈበት። ሥሩ የሚቀመጠውን ጽሑፍ እንድጽፍ የታዘዝሁት ደግሞ እጄ ያምራል ተብዬ እኔ ነበርሁ። «በአውራጃው ሕዝብ ለደስታ የሚነፋ መሣሪያ» ብዬ ጻፍሁ፤ እንዳሉኝ። ከጻፍሁት ሁሉ ብዙ አንባቢ ያገኘው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላ ሠርቶ ቢተካውስ? ሞከረ። ተቋራጩ ሥራውን ጨርሶ ቁራጩን ሁሉ ጭኖ ሄዷል። ያ ስፋት ያለው ቧንቧ በአገሩ ያለው አሁን ከመሬት በታች ብቻ ነው፤ ውሃ ተሞልቶ። «ከተማው የሚጠጣው በዲንካዬ ውስጥ ነው» ይል ነበር ጩማ፣ እየሳቀ፣ ሳቁ ግን አያምርም። ከሌላ ቦታ ያገኘው ቀጭን ቧንቧ ነበር፤ ሠርቶ አመጣው። አንጁሎ ተኝቶ ሰማው።

«ይሄ ፍየል ነው» አለ። «ኢሻው፣ በፍየል አታስቀብረኝ።»

ክረምቱ አልፎ፣ በ1961 ዓ.ም. መስቀል አካባቢ አንጁሎ እህል መቅመስ አቆመ። ጩማ እኔ ዘንድ መጣ፤ ማመልከቻ ጻፍሁለት። በአማርኛዬ ተመክቼ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» የሚለውን ሦስት ቦታ አስገባሁ። ይዞት ሲገባ አብሬው ነበርሁ።

«ዕቃው የሚፈለገው ለምንድን ነው?» አሉ አቶ ሐብተማርያም።

«ለለቅሶ፣ ጌታዬ። ለአንድ ቀን።»

«እግዜር ያጥናዎ። ማን ሞተ?»

«ገና ነው። ወንድሜ ሊሞት ነው።»

አቶ ሐብተማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ ጩማ፣ ሰው ሳይሞት ለለቅሶ ተብሎ የመንግሥት ንብረት አይወጣም። ሰው ምን ይለናል? ሲሞት ይምጡ።»

ሲሞት ሄደ። ማክሰኞ ጠዋት ሞተ፤ ጩማ ጭቃውን እየረገጠ በሩጫ ከተማ ገባ። አቶ ሐብተማርያም ከወንበራቸው ተነስተው ነፍስ ይማር አሉት፣ ትከሻውን ያዙት፤ ዐይናቸውም እንባ አቅርሮ ነበር።

«ነገር ግን» አሉ፣ «በመዝገብ ቁጥር የገባ ዕቃ እንዲወጣ ማመልከቻው ለበላይ ቀርቦ መፈቀድ አለበት። ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት መምጣት ነበረብዎ።»

«መጥቼ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ያን ጊዜማ አልሞተም ነበር።»

ከዚያ ወደ ወንድም ቶማ ሮጠ፤ እሳቸው ዋና ጸሐፊውን ያውቋቸዋል። «ስለ ዲንካ ብዬ ቢሮ ብገባ ምእመኑ ምን ይለኛል?» አሉት። «እጸልይልሃለሁ» ብለው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደ። «አንድ ጎማ ጎደለ ብሎ ማን ያውቃል?» አሉት፤ ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ «ስድስቱም ቢጎድሉ ያው ነው» አለና ሌሎቹ በለቅሶ ቀን ሳቁ።

በስድስቱ ተለቀሰ። መሪውን ጩማ ያዘ። ቦልቴ ከተበላ መጥቶ በአራተኛው ስፍራ ባዶ እጁን ቆመ፤ ስፍራው ባዶ ከሆነ ክቡ ይበላሻል ብሎ። ከሌሎቹ ጋር ይረግጣል፣ ይዞራል፣ ተራው ሲደርስ እጁን ወደ አፉ ያነሳል፤ ምንም የለም። በመጀመሪያው ዙር በጉሮሮው ሊሞላው ሞክሮ ነበር፤ ልጆች ሳቁበት፣ ተወው። ዜማው ይወርዳል፣ ወደ መሬት ይገባል፤ የሚይዘው እጅ የለምና እዚያው ይቀራል። ከዚያ ከአምስተኛው ላይ፣ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ፣ ይጀምራል። ከተማ የሚኖሩ አንዳንድ ለቀስተኞች «ያቺ ዝም የምትልበት ቦታ እንዴት ታምራለች!» ሲሉ ሰማሁ። በአገሩ እስከ ዛሬ ያን ዜማ በአፋቸው የሚያንጎራጉሩ ሰዎች እዚያች ቦታ ሲደርሱ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ የተሠራው እንዲህ ነው ብለው ነው። ጩማ ግን በየዙሩ እዚያች ቦታ ላይ በጥፊ እንደ ተመታ ሰው ራሱን ወደ ኋላ ያደርግ ነበር።

ለቅሶው የሚያበቃው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዚያ ሰው ዲንካ አይነፋም። ሐሙስ ጠዋት ጩማ አምስቱን ነፊዎችና ባዶ እጁን ቦልቴን ይዞ፣ ለቀስተኛውን አስከትሎ ወደ ሶዶ መጣ። አስካለች የአንጁሎን ብርድ ልብስ በራሷ ላይ ጥላ ከፊት ነበረች። ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ገብተው ከእንግዳ መቀበያው መስኮት ሥር ክብ ሠሩ። በመስታወቱ በኩል ቁም ሣጥኑ ይታያል፤ አራተኛው በሰጎኑ እንቁላል አጠገብ ተጋድሟል። ጸሐፊዎቹ ብዕራቸውን እንደ ያዙ ወደ በረንዳው ወጡ። አቶ ሐብተማርያምም ወጡ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር፤ ክፍል ውስጥ መሆን የነበረብኝ ሰዓት ነው። ያን ቀን ጩማ ማመልከቻ አላጻፈም። የጠየቀውን ከዚያ በረንዳ ላይ ከቆሙት አንድም የፈቀደለት አልነበረም፤ በሰባራ አማርኛው ያለው ግን ይህ ነው፦

«ጌታዬ፣ ዕቃ ከቢሮ ይውጣ አልልም። እዚያው ትሁን። መስኮት ብቻ ክፈቱልን። እኛ እዚህ ውጭ እንነፋለን፤ ከእናንተ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ አራተኛዋን ይዞ እዚያ ውስጥ ይቁም። እኔ እጄን ሳነሳ እፍ ይበላት። ማወቅ አያስፈልገውም፣ አንድ ድምፅ ብቻ ናት። አንድ ዙር። ከዚያ ቆልፉት፣ እንሄዳለን።»